ስለ ሙሄዲን ቧንቧ ቁልፍ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ርዕሰ መምህር ደምለው
ቧንቧ ውሃ፣ ደሴ

ክቡርነትዎ ሆይ፤

እኔ እንደ ሃይማኖቴ አሰላሙ ዐለይኩም እላለሁ፤ እርስዎም እንደ እምነትዎ ጤና ይስጥልኝ ብለው እንደሚመልሱልኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የባለቤትዎን ጤና፣ የልጆችዎን ጤና፣ ቀጥሎም ከኪስዎ የማይለየውን የትንሹን ቁልፍ ደኅንነት እጠይቃለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ ከጥማት በቀር ያጣነው ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ያደረግሁት እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ። አራት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ሦስቱን ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፤ በአራተኛው ስንገናኝ ደግሞ ቅሬታ ካለኝ በጽሑፍ እንዳቀርብ አዘዙኝ። ያንን ሲሉ ፈገግ ብለው ነበር፤ ፈገግታዎም ገብቶኛል፤ እርስዎ የሚያስታውሱኝ ከሦስት ዓመት በፊት ፊርማ በሚቀመጥበት ቦታ አውራ ጣቴን ቀለም ስቀባ ነውና። ይኸው በጽሑፍ አቀረብኩ። ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ፊደል የቆጠርኩት አምና ነው፤ የቆጠርኩትም እርስዎ በሚመሩት ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜ ጠዋት በሚሰጠው የጎልማሶች ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ደስ የማያሰኝዎ ቃል ቢያገኙ፣ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎትና ጥፋቱን ተካፍለን እንወስደዋለን።

አስተማሪያችን ትንሳኤ፣ ብዙ ጉዳይ ያለው ሰው ጉዳዩን በተራ ቁጥር ይጻፍ ብላናለች። የእኔ ጉዳይ ምስጋና ነው፤ እንደሚከተለው በተራ አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ምርቃቱ በዓል።

የማያውቅ አንባቢ እንዳይቸገር ከመነሻው ልጀምር። ባለቤቴ ሙሄዲን ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የክር ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል። የሚሠራበት አዳራሽ እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ የሚጠጣው ውሃ ያለበት በርሜል ደግሞ የቆመው ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ነበር። ማሽኑን ትቶ የሄደ ሰው ክሩ ይበጠስበታል፤ ክሩ የተበጠሰበት ይቀጣል፤ ስለዚህ ሙሄዲን አይጠጣም ነበር። ቀኑን ሙሉ ደርቆ ውሎ ሲወጣ፣ አራት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ በላይ በላዩ ይጨልጣል፤ ሻዩ ካልደረሰለት ለስላሳ። ሃምሳ ዓመት ሲሞላው የደም ግፊትና ስኳር ተያይዘው መጡበት፤ በመጨረሻ ልቡ ደከመ። አልጋ ላይ ሳለ እንዲህ አለኝ፦ «ዘሀራ፣ ለእኔ በግ አትረጂ። ልጅ የሚጠጣው ውሃ አውጪልኝ።» በእኛ ሃይማኖት ይህ ሰደቀተል ጃሪያ ይባላል፤ ሰውየው አፈር ከገባ በኋላም አንድ የተጠማ በጠጣ ቁጥር አጅሩ፣ ማለት ምንዳው፣ ለሟቹ ይደርሰዋል። የጆሮዬን ወርቅ ሸጬ፣ የልጅ ልጄ ቢልቂስ በምትማርበት በእርስዎ ግቢ ውስጥ ባለ ስድስት አፍ ቧንቧ ከነሲሚንቶ ገንዳው አሠራሁ።

ክቡርነትዎ ሪባኑን ቆርጠው ስለ ውሃ ጥቅም ረጅም ንግግር አደረጉ። ንግግሩ ከመርዘሙ የተነሣ አፍዎ ደርቆ ሲጨርሱ ሁላችንንም አሳዘኑን፤ ነገር ግን ሁለት እርምጃ ቀርበው ከቧንቧው አልጠጡም፤ ብርቱካንማ ለስላሳ ተከፈተልዎ። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ያንን ለስላሳ ሁለት ሳጥን ሙሉ በባጃጅ ጭኜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለእንግዳ ውሃ ብቻ ማቅረብ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ውሃ ለእጅ ማስታጠቢያ ነው፣ ካልሆነም ለመንገደኛ። ስለዚህ ከስድስቱ አፍ ንጹሕ ውሃ እየፈሰሰ፣ በውሃ ምርቃት ላይ ውሃ የቀመሰ አንድም ሰው አልነበረም። ቢልቂስ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ የሟቹ የልጅ ልጅ ስለሆነች፣ ለክብሯ ስል አንድ ጠርሙስ አስጨረስኳትና ሁለተኛ ከፈትኩላት። ይህን ጥፋቴን በመጀመሪያው ተራ ቁጥር ያስቀመጥኩት እርስዎ ኋላ ፈልገው እንዳይደክሙ ብዬ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ሰሌዳው።

በዚያው ዕለት የሙሄዲን ስም በቆርቆሮ ተጽፎ ከቧንቧው በላይ እንደሚሰቀል በሕዝብ ፊት ቃል ገቡልኝ። ሁለት ወር ቆይቶ ቢልቂስን ላደርስ ስመጣ፣ እውነትም ከገንዳው በላይ በነጭ ቆርቆሮ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ሰሌዳ ተሰቅሎ አየሁ። ቃሉን የሚጠብቅ ሹም አላህ አያሳጣን አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ፣ ልጅቱን ባደረስኩ ቁጥር ከሰሌዳው ፊት ቆሜ እጄን ዘርግቼ ዱዓ አደርግ ነበር፤ ለሙሄዲን ጀነትን፣ ለእርስዎ ዕድሜን እለምናለሁ፤ ስጨርስም ሰሌዳውን በመዳፌ ዳብሼ ፊቴን አብሳለሁ። የቧንቧዎቹ እጀታ በሰንሰለት ታስሮ አንድ ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል፤ እሱን ሌባ እንዳይነቅላቸው ነው ብዬ በራሴ ተርጉሜ፣ ስለ ጥንቃቄዎ ጨምሬ መረቅኩዎት። ይህም አልበቃኝ ብሎ ሰሌዳውን ፎቶ አስነስቼ ወረባቦ ላለው ለሙሄዲን ታላቅ ወንድም ላክሁለት። እሱም እንደ እኔው ፊደል አልቆጠረም፤ በመስታወት አስገጥሞ እንግዳ ከሚቀበልበት ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ የመጣ ጎረቤት ሁሉ ቀና ብሎ እያየ ለወንድሙ ዱዓ ያደርጋል።

ባለፈው ግንቦት ትንሳኤ፣ ያጠናነውን እንድንፈትነው ብላ አሮጊት ሽማግሌውን በግቢው ውስጥ እየመራች የተጻፈውን ሁሉ ታስነብበን ጀመር። «ቢሮ» አነበብን። «ቤተ መጻሕፍት» አነበብን፤ እሱም ተቆልፎ ነበር። ቧንቧው ጋ ስንደርስ ይህንን ለእኔ ተዉልኝ፣ የባለቤቴ ስም ነው ብዬ ከፊት ወጣሁ። የመጀመሪያው ፊደል «ሙ» መሆን ነበረበት፤ አጣሁት። «አቶ» ብለው ጀምረው ይሆናል አልኩ፤ እሱም የለም። ከፊደል ወደ ፊደል እየተሻገርኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በአሥራ አራት ሰው ፊት አነበብኩት፦ «ያለ ፈቃድ ከዚህ ቧንቧ መጠጣት በጥብቅ የተከለከለ ነው።» ትንሳኤ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «እማማ ዘሀራ፣ ይቅር፣ ሌላ እናንብብ» አለችኝ። እኔ ግን ስሙ ከሥር ተጽፎ ይሆናል ብዬ እስከ መጨረሻው ሄድኩ። ከሥር ያለው የእርስዎ ስም ነበር።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ዱዓ ያደረግሁት ለእገዳው ኖሯል። እስከ ዛሬ ሳይነሣ ጸንቶ የቆየውም ምናልባት ዱዓዬ ሠምሮ ይሆናል፤ ስለዚህ በዚህ ነገር እርስዎን ብቻ መውቀስ አይገባም። ውዱ የሚባለው የግቢው ጥበቃ፣ እጄን ስዘረጋና ፊቴን ሳብስ እያየ ዓይኑን ወደ መሬት ይጥል ነበር፤ ሰውየው አዛኝ ነው እል ነበር፤ ለካ ማንበብ ይችላል። እርስዎም ከመስኮትዎ ያዩኝ ነበር፤ አንድ ቀንም እጅዎን አንሥተው ሰላም ብለውኛል። ጨዋነትዎን አልረሳውም።

ከሁሉ የቆረጠችኝ ግን ቢልቂስ ናት። ያን ሁሉ ጊዜ ከጎኔ ቆማ፣ ትንንሽ መዳፎቿን ዘርግታ አሚን ስትል የነበረችው ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምራ ማንበብ ትችላለች። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

«ደስ ብሎሽ ነበራ» አለችኝ።

ሦስተኛ፤ ስለ ሳይንስዎ።

ከሦስት ስብሰባዎችዎ በኋላ አግኝቼዎት ቧንቧው ለምን እንደ ተቆለፈ ስጠይቅ የሰጡኝን መልስ ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦ «እማማ፣ ውሃ የጠጣ ልጅ ይሸናል፤ የሚሸና ልጅ ደግሞ አይማርም።» ይህን ያህል አጭርና ጥርት ያለ ትምህርት በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። የሴቶቹ ሽንት ቤት ሁለት ክፍል ብቻ እንደሆነ፣ አንደኛውም ለመምህራን ተለይቶ እንደሚቆለፍ አስረዱኝ። ለስምንት መቶ ልጅ ሽንት ቤት ከመሥራት ይልቅ የስምንት መቶ ልጅ ሽንት ማስቀረት መቅለሉን ሌላ ሰው ቢያስብ አይደርስበትም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፤ ዘግይቶ የተማረ ሰው ብዙ ነገር አይገባውምና ይታገሡኝ። ከተቆለፈው ቧንቧ ሦስት እርምጃ ርቆ የግቢው ክበብ አለ፤ በዚያም ለስላሳ ከጠዋቱ ሰልፍ እስከ መውጫው ደወል ይሸጣል፤ እሱ ፈቃድ አያስፈልገውም። እንግዲህ ለስላሳ ልጅ ሆድ ውስጥ ገብቶ የት እንደሚደርስ እርስዎ ያውቃሉ፤ ሽንት እንደማይሆን ግን ከቁልፉ ተረድቻለሁ፤ ቢሆንማ ኖሮ ክበቡም ጓጉንቸር ይገባለት ነበር። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ያገኘሁትን ጠርሙስ ሁሉ አነባለሁ። በአንዱ ላይ የተጻፈውን ስኳር ትንሳኤ በሻይ ማንኪያ ብትሰፍርልኝ ስምንት ማንኪያ ሆነ። ሙሄዲን እንኳ በአራት ያቆም ነበር።

ደግሞም ጎበዝን መሸለም ያውቃሉ። ባለፈው ዓመት መዝጊያ ላይ ቢልቂስ ከክፍሏ ሁለተኛ ብትወጣ፣ በሚኒ ሚዲያ ስሟ ተጠርቶ ስድስት ጠርሙስ ለስላሳ ተሸለመች። አንደኛ የወጣው ልጅ ደርዘን ነው የወሰደው። ከክፍሉ መጨረሻ የወጣው ልጅ ምንም ስላልተሰጠው ከሁሉ ጤነኛ ሆኖ ቀርቷል። እኔም በበኩሌ ሽልማቷን ለመጣው ዘመድ ሁሉ እያሳየሁ፣ ጉንጯ ሲሞላና ክንዷ ሲደነድን ማሻአላህ እያልኩ ከረምኩ፤ በእኛ ሰፈር የሞላ ልጅ የጠገበ ቤት ምልክት ነውና።

በኅዳር ወር የጤና ሰዎች ግቢ ድረስ መጥተው የልጆችን ደም ግፊት ሲለኩ የቢልቂስን ክንድ ሦስት ጊዜ አሰሩት። መሣሪያው የተበላሸ መስሏቸው በአራተኛው የጓደኛዋን ለኩ፤ መሣሪያው ደኅና ነበር። ሆስፒታል ሂዱ ተባልን፤ ሄድን። ደሟን ቀዱ። ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ እኔን እንደ እናቷ ቆጥራ ሳትቸኩል አስረዳችኝ። የልጅቱ ግፊት ለዕድሜዋ ከፍ ብሏል፤ ስኳሯ ገና በሽታ ባይባልም ከበሩ ደፍ ላይ ቆሟል፤ የደሟ ቅባትም እንዲሁ። በዚህ ዕድሜ የተጀመረ ነገር በዝምታ ልብን እየጎዳ እንደሚያድግ ነገረችኝ። ቀጥላም በቀን ውስጥ ምን እንደምትጠጣ ልጅቱን ጠየቀቻት። ጠዋት ሻይ፣ በእረፍት ለስላሳ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሻይ፣ እንግዳ ካለ ለስላሳ ብላ ቆጠረችላት። «ውሃስ?» አለቻት። ቢልቂስም፣ «ውሃ ያለ ፈቃድ አይጠጣም» አለች። ሐኪሟ ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ ወደ እኔ ስትዞር ግን ሳቋን ዋጠችው።

ውሃ መድኃኒት ነው አላለችኝም፤ ሐኪሟን የማይገባ ነገር አላናግራትም። ያለችኝ፣ ያ ሁሉ ስኳር ወጥቶ በቦታው ውሃ ቢገባ፣ ከጨዋታና ከሩጫ ጋር፣ የልጅ ልብ ገና ለስላሳ ነውና ይመለሳል ነው። ሦስት ወር ሰጠችን። የካቲት አምስት ቀን ድጋሚ ትለካለች፤ ካልወረደ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በየቀኑ ክኒን መዋጥ ትጀምራለች። እኔ የሙሄዲንን ክኒን በእጄ እየቆጠርኩ ስሰጥ አሥር ዓመት ኖሬአለሁ። በዚያው እጅ ለልጅ ልጁ መቁጠር አልፈልግም። የዚህ ሁሉ ወረቀት ጉዳይ ይኸው ነው፤ ሌላው ማጣፈጫ ነው።

አራተኛ፤ ስለ ፈቃዱ።

ሐኪሟ፣ ልጅቱ በፈለገች ጊዜ ውሃ እንድትጠጣና ሽንት ቤት እንድትሄድ የሚል ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ወረቀቱን ይዤ ስመጣ ክቡርነትዎ ቧንቧውን ይከፍቱታል ብዬ ነበር፤ አሳንሼ ገምቼዎት ነበር። እርስዎ ለቢልቂስ የውሃ መጠጫ ፈቃድ አወጡላት። ጉርድ ፎቶ ያለበት፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት፣ በአንገት የሚንጠለጠል ካርድ። በእረፍት ሰዓት ካርዱን ለውዱ ታሳያለች፤ ውዱ ቢሮ ገብቶ ቁልፉን ይቀበላል፤ ከስድስቱ አንዱን ይከፍታል፤ ልጅቱ ትጠጣለች፤ ይቆለፋል። ከስምንት መቶ ልጅ አንዲቷ በሕግ ጠጣች። ጓደኞቿ «ውሃ ልማት መጣች» እያሉ መንገድ ይለቁላት ጀመር።

እናቷ ልጄ ከይሪያ ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ጎህ ሲቀድ በሚኒባስ ትወርዳለች፤ ስለዚህ ልጅቱ ከእኔ ጋር ናት። ካርዱን ሳሳያት አገላብጣ አየችውና፣ «እኛም ጋ ሽንት ቤት በካርድ ነው እኮ» ብላ መለሰችልኝ፤ አልገረማትም። ያኔ ነው ሐሳብዎ የተገለጠልኝ። አያትየው ክሩ እንዳይበጠስበት ተጠምቶ ዋለ፤ እናቲቱ የስፌቱ መስመር እንዳይቆም በካርድ ትወጣለች፤ ልጅቱ ደግሞ ከወዲሁ ካርዱን ለምዳ ትጠብቃለች። እኔ ሒሳብና አማርኛ ብቻ የሚያስተምሩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሙያ ትምህርትም አለበት።

አምስተኛ፤ ስለ ፈቃዱ መሰረዝ።

ካርዱ አሥራ አንድ ቀን ቆየ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቢልቂስ በቦርሳዋ ባመጣችው ባዶ ጠርሙስ ውሃ ሞልታ ከክፍሉ ጀርባ ለጓደኞቿ በተራ ስታጠጣ ተያዘች። የጻፉልኝ ደብዳቤ ከእኔ ዘንድ አለ፤ በስድሳ ሦስት ዓመቴ በስሜ የተጻፈልኝ የመጀመሪያው ደብዳቤ ስለሆነ ከቁርኣኑ በታች አስቀምጬዋለሁ። ተማሪዋ «የተሰጣትን ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን አሳልፋ በመስጠቷ» መሰረዙን ይገልጻል። ሦስተኛ ወገን የሚለውን ትንሳኤ ስታስረዳኝ ሌሎች ልጆች ማለት ነው አለችኝ።

ቤት ስትመጣ ተቆጣኋት፤ አልዋሽም። ለአንቺ መድኃኒት ተብሎ የተሰጠሽን እንዴት ትበትኛለሽ አልኳት። እሷም፣ «እማ፣ ሰው እያየሽ ብቻሽን መጠጣት ነውር ነው ብለሽኝ የለ እንዴ?» አለችኝ። ብያታለሁ። እናቴም ለእኔ ብላኛለች። የሰው ዓይን እያየ የተዋጠ ነገር ሆድ ይቆርጣል እያልን ነው ልጅ የምናሳድገው። እንግዲህ ክቡርነትዎ ካርዱን የቀሙት ልጅቱ ባለመማሯ አይደለም፤ ከቤቷ የተማረችው ከእርስዎ ደንብ ጋር ስላልገጠመ ነው። ይህንንም ሳላመሰግን አላልፍም፤ የልጅ ልጄ ከአያቷ ወገን እንደወጣች በማኅተም አረጋገጡልኝ።

ከዚያ ወዲህ ያደረግሁትን ቀበሌው በክስ መልክ ስለ ሰማ እርስዎም ያውቁታል። ቤቴ ከትምህርት ቤቱ በር ማዶ ነው። በአጥሬ ጥግ በርሜል አቁሜ፣ ከሥሩ ቧንቧ አስገጥሜ፣ ኩባያ አስቀመጥኩ። ጠዋት ሲገቡና ሲወጡ ልጆች ይጠጣሉ፤ እኔ ኩባያ አጥባለሁ። እርስዎም «ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ፈቃድ የሌለው የውሃ እደላ» እየተካሄደ ነው ብለው ለቀበሌው ጻፉ። የቀበሌው ሰው ሊያስጠነቅቀኝ መጥቶ፣ ዳገቱ አድክሞት ስለነበር ሁለት ኩባያ ጠጥቶ ሄደ። ማስጠንቀቂያውን ይሁን ምርቃቱን መስጠቱን እስካሁን አልለየሁትም።

ነገር ግን በጠዋቱና በመውጫው መካከል ስድስት ሰዓት አለ። በዚያ ስድስት ሰዓት ውስጥ ለቢልቂስ ያለው ክበቡ ብቻ ነው። እኔ ለስላሳ አትጠጪ ብያታለሁ፤ እሷም አትጠጣም፤ ስለዚህ ምንም ሳትጠጣ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ራሷን እያመማት ትመለሳለች። እኛ ጾም እናውቃለን፤ ጥማት አዲስ አይደለም። የእኛ ጾም ግን መግሪብ አለው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይፈታል፤ ልጅም ነፍስ ካላወቀ አይገደድበትም። እርስዎ ያወጡት ጾም ልጆችን የሚመለከት ነው፤ መግሪቡም በኪስዎ ነው ያለው።

ቧንቧውን ነቅዬ ልውሰድ ብዬ ሸኻችንን ጠይቄአለሁ። ለአላህ የተሰጠ ነገር አይመለስም፤ ካሁን ወዲያ የአንቺ አይደለም አሉኝ። የርዕሰ መምህሩ ነውን ብዬ ጠየቅሁ። የተጠማ ሰው ነው አሉኝ። ስለዚህ እኔ የራሴን ንብረት እየጠየቅሁ እንዳልሆነ እንዲመዘግቡልኝ እለምናለሁ፤ የምጠይቀው የስምንት መቶ ሰዎችን ንብረት ነው።

ልመናዬ አጭር ነው። የካቲት አምስት ሳይደርስ ሰንሰለቱን ያውርዱልን፤ ሁለተኛውንም ሽንት ቤት ለሴቶቹ ይመልሱላቸው። የወላጆች በዓል ሲመጣ ደግሞ እንደ ቀድሞው ለስላሳ በሳጥን አልሸከምም፤ በትሪ ላይ ውሃ ደርድሬ እመጣለሁ፤ ነውሩን እኔ እጀምረዋለሁ፤ ዕድሜዬ ለነውር ደርሷል። ካልከፈቱትም አልቀየምዎትም። ሐኪሟ የካቲት አምስት ልጅቱን ለክታ የምትጽፈውን ቁጥር አምጥቼ ከሰሌዳው ሥር፣ ለሙሄዲን ስም ከታሰበው ባዶ ቦታ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ቢወርድም ባይወርድም የእርስዎ ሥራ ነውና ከስምዎ አጠገብ መሆን ይገባዋል።

እስከዚያው እኔም አንድ ሰሌዳ ጽፌአለሁ። ቆርቆሮው ከሰኞ ገበያ የተገዛ ነው፤ ቀለሙም እንደ እርስዎ ቀይ ነው፤ ጽሑፉ ግን የራሴ እጅ ስለሆነ ትንሽ ዘመም ብሏል። ከበርሜሌ በላይ ሰቅዬዋለሁ። «የሙሄዲን ውሃ። ያለ ፈቃድ ጠጡ» ይላል። ስሙን ስጽፍ «ሙ» ላይ ቀለሙን ሁለቴ ደገምኩት፤ ስጨርስ ቢልቂስ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ በዚህ ጊዜ የምትደብቀኝ ነገር አልነበራትም።

ክቡርነትዎን በጤና ያቆይልኝ፤ ስብሰባዎን ያሳጥርልኝ፤ ከደጅዎ እንዳልጠፋ ጉልበቴን ያበርታልኝ እያልኩ፣ አውራ ጣቷን ጠርጋ ብዕር የጨበጠች ተማሪዎ፣

ዘሀራ፣ የሙሄዲን ሚስት፣ የከይሪያ እናት፣ የቢልቂስ አያት

ግልባጭ፦
ለወላጅ ኮሚቴው፣ ካነበበ፤
ለቀበሌው፣ ሲጠማው ለሚመጣው ሰው በኩል፤
ወረባቦ ለሙሄዲን ወንድም፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አውርዶ የአዲሱን ሰሌዳ ፎቶ በቦታው እንዲሰቅል።

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ እርስዎም ግፊት እንዳለብዎና ሐኪም ውሃ እንዲያበዙ እንዳዘዘዎት ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ አላህ ያሽርዎት። ጠዋት ጠዋት ሰንሰለቱ ተፈትቶ ሰማያዊው ጆግ ከሙሄዲን ቧንቧ እየተሞላ ወደ ቢሮዎ ሲገባ ከበርሜሌ ሥር ሆኜ አያለሁ። ሐላል ይሁንልዎት፤ ቅንጣት ቅሬታ የለኝም። ሰውየው በመቃብሩ ሆኖ ከስምንት መቶ ልጅ የሚጠብቀው አጅር ሁሉ ዛሬ የሚደርሰው በእርስዎ ጉሮሮ በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ቧንቧው እስኪከፈት ድረስ በየሶላቴ የምለምነው አንድ ነገር ሆኗል፤ አላህ ጥማትዎን ያብዛልዎት።